ማናሊ በአራት ሌሊት፦ ለጉዞ ለተሰናዱ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር

እህቶችና ወንድሞች፣ እንደምን አመሻችሁ።

የጥቅምት ዕረፍት ሊገባ ነው፤ ሻንጣ ማዘጋጀት የጀመራችሁም አላችሁ። አብዛኞቻችሁ የያዛችሁት ዕቅድ አንድ ነው፦ ዓርብ ማታ ከዴልሂ በሂማቻል ተራሮች ውስጥ ወዳለችው ማናሊ መነሳት፣ ቅዳሜ ሶላንግ ሸለቆ፣ እሑድ ሮታንግ ተራራ፣ እሑድ ማታ ተመልሶ ሰኞ ክፍል መግባት። ይህን ዕቅድ ተዉት። ከዴልሂ ማናሊ 530 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የሌሊቱ አውቶቡስ ከ12 እስከ 14 ሰዓት ይፈጃል። ደርሶ መልሱ ብቻ ከ24 ሰዓት በላይ ወንበር ላይ ያስቀምጣችኋል፤ በቀረችው ጊዜ ደግሞ እንቅልፍ ያጣ ሰውነት ይዛችሁ ወደ 4,000 ሜትር ልትወጡ ነው። እዚያ የታመመ ሰው ሁሉ በከፍታው ያመካኛል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የችኮላው ነው። እኛ የምንመክረው ቢያንስ አራት ሌሊት ነው።

ስለ ከፍታው እንነጋገር። «የአዲስ አበባ ልጅ ደገኛ ነው፣ ከፍታ አይነካውም» ትላላችሁ። ግማሹ እውነት ነው። ማናሊ ከተማ 2,050 ሜትር ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ ዝቅ ትላለች። ችግሩ እናንተ አሁን የአዲስ አበባ ሰዎች አይደላችሁም። ዴልሂ ከባሕር ወለል በላይ 216 ሜትር ብቻ ናት፤ ሰውነት ደጋን የለመደበትን ነገር ሜዳ ላይ በሳምንታት ውስጥ ይረሳዋል። እናንተ ደግሞ ዓመት፣ ሁለት ዓመት ተቀምጣችኋል። ሮታንግ የተራራ በር ነው፣ ልክ እንደ ጣርማ በር፤ ከፍታው 3,978 ሜትር ይደርሳል። ከእንጦጦ አናት ላይ ሌላ ሰባት፣ ስምንት መቶ ሜትር ጨምሩበት።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። የመጀመሪያው ቀን ከተማ ውስጥ በእግር፣ ሁለተኛው ሶላንግ፣ ሦስተኛው ሮታንግ፣ አራተኛው የናጋር ቤተ መንግሥትና የወንዝ ጀልባው። ሮታንግ ላይ ከአንድ ሰዓት ብዙም አትቆዩ፤ አትሩጡ፤ በዋዜማው አልኮል አትጠጡ። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ አንድ ላይ ከመጡ መድኃኒቱ መውረድ ነው። ፓራሲታሞል ሕመሙን ይሸፍናል እንጂ ምክንያቱን አያነሳም። ተቀምጦ ትንፋሽ የሚያጥረው ወይም ሲራመድ እንደ ሰካራም የሚንገዳገድ ጓደኛ ካያችሁ ፎቶው ይቅር፤ ወዲያውኑ ይዛችሁት ውረዱ።

አሁን አውቶቡሱ። ትኬቱ ላይ 18:30 ተብሎ የተጻፈው በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 12፡30 ነው፤ በዚህ የተነሳ አውቶቡስ ማምለጥ ያለ ነገር ነው። የመንግሥት አውቶቡሶች የሚነሱት ከካሽሚሪ ጌት ነው፤ የግሎቹ መነሻ ይለያያልና ቀድማችሁ አረጋግጡ። ወንበር ስትመርጡ ከፊት ወይም ከመካከል ያዙ፤ የኋለኛው ረድፍ በየጥምዝምዙ ይወዛወዛል። የማቅለሽለሽ መከላከያ ክኒን የሚዋጠው መንገዱ ከመጠማዘዙ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። ማስመለስ ከተጀመረ በኋላ የዋጣችሁት አብሮ ይወጣል። ለራት በሚቆምበት ቦታ ቅባት የበዛበትን እለፉ። አውሮፕላንም አለ፤ ቡንታር የሚባለው ጣቢያ ከማናሊ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ማኮብኮቢያው አጭር፣ ሸለቆው ጠባብ ስለሆነ አየሩ ሲበላሽ በረራው ይሰረዛል።

በክረምቱ ዝናብ መሄድ የሚያስብ ካለ የ2023ን ሐምሌ ያስታውስ (ዓመቶቹን የምንጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። የቢያስ ወንዝ ሞልቶ በኩሉ ከተማና በማናሊ መካከል ያለውን አውራ ጎዳና በየቦታው ቆርጦ ወሰደው። ጥቅምትን የምንመርጠው ለዚህ ነው፤ ሰማዩ ይጠራል፣ ተራራው ከጫፍ እስከ ግርጌው ይታያል። አንድ ነገር ብቻ እወቁ፦ የኩሉ ዳሸራ፣ የሂንዱዎች በዓል፣ የሚጀምረው ሌላው ሕንድ ዳሸራን በሚጨርስበት ዕለት ነው፤ ለሰባት ቀን ይቆያል። በዚያ ሳምንት በኩሉ በኩል ማለፍ ሰዓታት ሊበላ ይችላል።

ብዙዎቻችሁ የምትሄዱት በረዶ ለማየት ነውና እውነቱን እንንገራችሁ። በጥቅምት ማናሊ ከተማ ውስጥ በረዶ አታገኙም፤ ሮታንግ ላይም ዕድል ነው። ከተማው ላይ የሚጥለው ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ የካቲት ነው። አማርኛችን ደግሞ ከሰማይ የሚወርደውንም፣ መሬት ላይ የረጋውንም ሁሉ በረዶ ብሎ ያልፈዋል። ሾፌሮቹ ግን ይለያሉ። እንደ ጥጥ የለሰለሰው «ባርፍ» ነው፤ የሚፈሩት አስፋልቱ ላይ እንደ መስታወት የሚረጋውን፣ ዓይን የማያየውን ስስ ሽፋን ነው። ጠዋት ጥላ ባለበት መታጠፊያ ላይ ጎማ የሚያንሸራትተው እሱ ነው። ሾፌሩ «ፀሐይ ይውጣ» ካለ አትከራከሩት።

ወደ ሮታንግ የሚወጣ መኪና ፈቃድ ያስፈልገዋል። የሕንድ የአካባቢ ጥበቃ ፍርድ ቤት በቀን የሚወጡትን የጎብኚ መኪኖች በ1,200 ወስኗል፤ ማክሰኞ መንገዱ ለጥገና ለጎብኚ ዝግ ነው። ፈቃዱ የሚወጣው በታርጋ ቁጥር ስለሆነ ሌላ መኪና ይዞ የመጣ ሾፌር ከኬላው ይመለሳል፤ ገንዘባችሁ ግን አይመለስም። በዋዜማው ፈቃዱን አሳዩን በሉ። ታክሲው ቢጫ ታርጋ ይኑረው፤ ነጭ ታርጋ የግል መኪና ነው፣ አደጋ ቢደርስ የተሳፋሪ ኢንሹራንስ አይሸፍናችሁም። ጉዞውን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሩ፤ ከቀትር በኋላ ላዩ ላይ ደመናና ነፋስ ይበረታል። መንገድ ላይ ሾፌሩ ልብስ አከራይ ሱቅ ጋ ያቆማል። ቦት ጫማውን ውስጡን በእጃችሁ ዳስሱት፤ ከትናንት ተከራይ እርጥብ ሆኖ የቀረ ይበዛል። ሁለት ጥንድ የሱፍ ካልሲ ከዴልሂ ይዛችሁ ሂዱ።

ሮታንግ ቢዘጋም አታዝኑ። በጥቅምት 2020 የተከፈተው የአታል ዋሻ 9.02 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው፤ ከማናሊ በላዳክ ወዳለችው ሌህ ከተማ ከሚወስደው መንገድ 46 ኪሎ ሜትር ቀንሷል። የሚገርመው ርዝመቱ አይደለም። በዚህ በኩል ጥድ የለበሰ እርጥብ ሸለቆ ትታችሁ ትገባላችሁ፤ በዚያ በኩል ዛፍ የሌለበት ደረቅ አመድማ ተራራ ላይ ትወጣላችሁ። የፒር ፓንጃል ሰንሰለት የዝናቡን ደመና ከዚህ ወዲያ ስለማያሳልፍ ነው። ዋሻው ውስጥ ለፎቶ መቆም ክልክል ነው፤ ያስቀጣል።

አሁን ወደምትጠብቁት፣ ወደ ፓራግላይዲንጉ፣ በጨርቅ ክንፍ ወደ መብረሩ። ሶላንግ ከከተማው 13 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሁለት ዓይነት በረራ አለ፤ ከዝቅተኛው ተዳፋት የሚነሳው ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ከኬብል መኪናው አናት የሚነሳው ይረዝማል። የትኛውን እንደምትከፍሉ ከመክፈላችሁ በፊት ተነጋገሩ። በየዓመቱ ከጁላይ 15 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ በእኛ ከሐምሌ 8 እስከ መስከረም 5፣ በረራውም የወንዝ ጀልባውም በሂማቻል ክልል ይታገዳል። በዚያ መካከል «እኔ አበርራችኋለሁ» የሚል ከመጣ ሕግ እየጣሰ ነው፤ እለፉት።

የፓይለቱን ፈቃድ ጠይቁ፣ ፎቶውን ከፊቱ ጋር አስተያዩ። ቀጥሎ ቀበቶው። ሦስት ዘለበት አለው፤ አንዱ ደረት ላይ፣ ሁለቱ ጭኖች ላይ። እያንዳንዱን በእጃችሁ ጎትቱ፤ ሲቆለፍ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰምታችሁ ከሆነም ጎትቱ። የጭኑ ዘለበት ካልተቆለፈ መሬት ላይ ቆማችሁ ምንም አይሰማችሁም፤ ደረቱ ጠበቅ ብሏላ። አየር ላይ ግን ክብደቱ በሙሉ ወደ ጭን ይወርዳል፤ ሰውየው በቀበቶው ውስጥ ሾልኮ ይወድቃል። ከዚያ ትከሻ አካባቢ ከፓይለቱ ጋር የሚያገናኟችሁን ሁለት ብረቶች ተመልከቱ፤ አፋቸው የተዘጋና የተቆለፈ መሆን አለበት።

ስትነሱ ፓይለቱ «ዶሮ! ዶሮ!» የሚል ይመስላችኋል። ዶሮ አላየም፤ በሂንዲ ሩጡ ማለቱ ነው። እግራችሁ መሬት እስኪለቅ ሩጡ። መሀል ላይ ፈርቶ የሚቀመጥ ሰው ፓይለቱን ይጎትተዋል፤ ሁለቱም በአፍንጫቸው ይደፋሉ። ስልክ ከኪስ ይውጣ።

የወንዙን ጀልባ በአጭሩ። ከኩሉ አጠገብ ከፒርዲ እስከ ጂሪ 14 ኪሎ ሜትር ነው። ጓደኛችሁ የሕይወት ጃኬታችሁን በሁለት ትከሻው ይዞ ወደ ላይ ይሳብ፤ አገጫችሁን አልፎ ከወጣ ሰፊ ነው። ከጀልባ ከወደቃችሁ በጀርባችሁ ተኝታችሁ እግራችሁን ወደ ፊት አንሱ። ለመቆም አትሞክሩ፤ እግር ድንጋይ ውስጥ ከተያዘ ጅረቱ ጭንቅላትን ወደ ውስጥ ይገፋዋል።

ለአራተኛው ቀን ናጋርን አስቡበት። እዚያ ያለው ቤተ መንግሥት በካት ኩኒ ስልት የተሠራ ነው፤ አንድ ረድፍ ድንጋይ፣ አንድ ረድፍ እንጨት፣ ያለ ማጣበቂያ። በ1905 የካንግራ የመሬት መንቀጥቀጥ አልፈረሰም፤ እንጨቱ ንቅናቄውን ስለሚያለዝበው ነው። የይምርሐነ ክርስቶስን ግድግዳ ያየ ሰው እዚያ ቆሞ ዝም ይላል። ዝምድና አላቸው አንልም፤ ግን ማናሊ ውስጥ በ1553 የተሠራውን የሃዲምባ ቤተ መቅደስ አይቶ ናጋርን የሚተው ሰው ትልቁን ነገር ትቷል።

ለጾመኞች፦ አረንጓዴ ነጥብ ያለበት ምግብ ሥጋ የለውም ማለት ብቻ ነው፤ ወተትና ቅቤ ሊኖረው ይችላል። «ቢና ጊ፣ ቢና ዱድ» በሉ፣ ያለ ቅቤ ያለ ወተት ማለት ነው። ደግሞ በዚያ ሸለቆ ቻራስ፣ ማለትም ሐሺሽ፣ የሚያቀርብላችሁ ሰው አይጠፋም። በ1985ቱ የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ 100 ግራም የማይሞላው እንኳን እስከ አንድ ዓመት ያሳስራል፤ ለውጭ አገር ተማሪ ደግሞ ቪዛውም አደጋ ላይ ይወድቃል።

ሆቴሉ የውጭ አገር እንግዳን በ24 ሰዓት ውስጥ ማስመዝገብ ግዴታው ነው፤ ፓስፖርት ሳይዝ የመጣውን አይቀበልም። ዋናውን ያዙ፤ የፓስፖርቱንና የቪዛውን ገጽ ሁለት ሁለት ኮፒ አንሱ። አንዱን ኮፒ ዛሬ ስትወጡ በር ላይ ለተቀመጡት ስጡ፤ ከጀርባው የደም ዓይነታችሁንና የቤተሰብ ስልክ ጻፉበት።