ሜክ ጨርሷል፣ ዜሮም ብሏል

እሺ… ሰላም ናችሁ። ዛሬ መግቢያ የለም፣ ቀጥታ ልግባ። ያቺ ዜሮ አሁንም አልለቀቀችኝም። አዎ፣ የጎደለ ነገር እያለም ፕሮግራሙ ጨርሻለሁ ብሎ የሚመልሳት ዜሮ።

ፓይተንን (የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋውን) ከሶርስ ኮዱ ኮምፓይል ስታደርጉ፣ ማለትም ከተጻፈው ኮድ የሚሮጥ ፕሮግራም ስትሠሩ፣ መጨረሻ ላይ የምትመጣ አንዲት ቅጽበት አለች። ግንባታውን የሚመራው ሜክ ሲሮጥ ቆይቷል፤ የኮምፓይለሩ የጂሲሲ መስመሮች ተርሚናሉ ላይ እንደ ዶፍ ሲወርዱ ነበር። ድንገት ቀጥ ይላል። ከመጨረሻዎቹ መስመሮች መሀል አንድ መልእክት አለ። ቀይ አይደለም፣ «ኢረር» የሚል ቃልም የለበትም። እነዚህን አማራጭ ሞጁሎች (የፓይተን ክፍሎች) ለመሥራት የሚያስፈልገው ነገር አልተገኘም ይልና ስም ይደረድራል፦ ቢዚ2፣ ኤልዜድኤምኤ፣ ሲታይፕስ፣ ኤስኪውላይት፣ ኤስኤስኤል። ከዚያ በኋላ የመውጫ ኮዱን (ፕሮግራሙ ሲጨርስ የሚመልሳትን ቁጥር) ብትጠይቁት ዜሮ ነው። ዜሮ ደግሞ በሊኑክስ ቤት «ሁሉም ደህና» ማለት ነው።

«አማራጭ» ያላት ቃል ናት የምትከነክነኝ። ኤስኤስኤል (የተመሰጠረ ግንኙነት የሚያደርገው ሞጁል) የሌለው ፓይተን ምን ያደርጋል? የፓይተን ፓኬጅ ጫኙ ፒፕ የሚያወርደው በኤችቲቲፒኤስ ነው። ኤስኤስኤል ከሌለ ፒፕ አለ ግን እጁ ታስሯል። ያ እንግዲህ «አማራጭ» ነው።

ምክንያቱ ተንኮል አይደለም፣ እሱን ልናገር። ማሽኑ ላይ ኤስኤስኤል የሚቆምበት ላይብረሪ፣ ኦፕንኤስኤስኤል፣ አለ፤ ሌሎች ፕሮግራሞች በሱ እየሠሩ ነው። ግን ያለው ለሚሠሩ ፕሮግራሞች የሚሆነው ላይብረሪ ነው። ኮምፓይለሩ የሚፈልገው ሄደር ፋይል (ላይብረሪው ምን እንዳለው የሚዘረዝረው) ለብቻው ተጠቅልሎ «ዴቭ» የሚል ቅጥያ ባለው ፓኬጅ ውስጥ ተቀምጧል። ስለዚህ ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን ላይ ከሆናችሁ ከሁሉ በፊት እነዚህን ጫኑ፦ ቢልድ-ኢሴንሻል፣ ሊብኤስኤስኤል-ዴቭ፣ ዜድሊብ1ጂ-ዴቭ፣ ሊብቢዚ2-ዴቭ፣ ሊብኤልዜድኤምኤ-ዴቭ፣ ሊብኤፍኤፍአይ-ዴቭ፣ ሊብኤስኪውላይት3-ዴቭ፣ ሊብሪድላይን-ዴቭ። ሊብኤፍኤፍአይን አትዝለሉ፤ ሲታይፕስ የሚቆመው በሱ ነው። በሬድሃት ቤተሰብ ቅጥያው «ዴቨል» ይባላል።

ረስታችሁት በኋላ ከጫናችሁት ደግሞ ሜክን ብቻ መድገም አይበቃም። ከሜክ በፊት ማሽኑን የሚፈትሸው ኮንፊገር እንደገና መሮጥ አለበት፤ የጎደለውን የወሰነው እሱ ነውና። ከፓይተን 3.11 ጀምሮ እያንዳንዱን ሞጁል በየመስመሩ «የስ» ወይም «ሚሲንግ» እያለ ይነግራችኋል። ሜክን ሳትጀምሩ እዚያ ላይ «ሚሲንግ» የሚለውን መፈለግ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል።

ከሁሉም የማከብረው የመጭመቂያ ላይብረሪውን ዜድሊብን ነው። እሱ ከጎደለ ዝም አይልም። ፒፕ የሚጫነው ከተጨመቀ ፋይል ስለሆነ መጫኑ እዚያው ይወድቃል፣ ታዩታላችሁ፣ ታስተካክላላችሁ። ኤልዜድኤምኤ ከጎደለ ግን… ሁሉ ነገር ይሠራል። ሳምንት ያልፋል፣ ወር ያልፋል። አንድ ቀን አንድ ሰው በኤክስዜድ የተጨመቀ ፋይል ሊከፍት ሲል ያኔ። ማን ነው በዚያ ሰዓት ሰርቨሩ መጀመሪያ የተሠራበትን ቀን የሚያስታውሰው?

ሴንቶስ 7 (ከሬድሃት ቤተሰብ የሆነ ሊኑክስ) ላይማ ሌላ ነው። ድጋፉ በ2024 ሰኔ መጨረሻ ላይ አብቅቷል፤ እሱ ላይ የቆሙ ማሽኖች ግን አሁንም አሉ። እዚያ ዴቨሉን ብትጭኑም አይጠቅምም፤ ያለው ኦፕንኤስኤስኤል 1.0.2 ነው፣ ፓይተን ከ3.10 ወዲህ የሚቀበለው ከ1.1.1 ጀምሮ ነው። ሄደሩ አለ፣ ላይብረሪው አለ፣ ኮንፊገር አይቶ ያልፈዋል። አያቆምም። መፍትሔው አዲስ ኦፕንኤስኤስኤል ለብቻ ሠርቶ «ዳሽ ዳሽ ዊዝ-ኦፕንኤስኤስኤል» ብሎ ቦታውን ማሳየት፣ «ዳሽ ዳሽ ዊዝ-ኦፕንኤስኤስኤል-አርፓዝ እኩል ይሆናል ኦቶ» ብሎ መጨመር ነው። ሁለተኛው ከቀረ ፓይተኑ ሲነሳ ላይብረሪውን የት እንደሚፈልግ አያውቅም።

ምን ልል ነበር… አዎ፣ የኮንፊገር ትእዛዙ። «ዳሽ ዳሽ ፕሪፊክስ» የሚጫንበትን ቦታ ይነግረዋል፦ ስላሽ ኦፒቲ ስር የራሱ ፎልደር። ከዚያ ፓይተኑን ለማፍጠን «ዳሽ ዳሽ ኢኔብል-ኦፕቲማይዜሽንስ»። ይህቺ ሁለት ጊዜ ታስገነባለች፦ መጀመሪያ መለኪያ የተገጠመለት ፓይተን ይሠራል፣ ከሙከራዎቹ የተመረጡትን ያስሮጠዋል፣ በተለካው መሠረት እንደገና ይሠራዋል። 8 ኮር ቢኖራችሁም የመለኪያው ሩጫ በአንዱ ኮር ነው፤ ቆመ ብላችሁ አትግደሉት። ተርሚናሉን ሰርቨሩ ላይ ክፍት በሚያቆየው ቲመክስ ውስጥ ጀምሩት፤ መብራት ወይም ኔትወርክ ሄዶ ኤስኤስኤች (የርቀት ግንኙነቱ) ቢቋረጥ ሰርቨሩ ላይ ይቀጥላል።

1 ጊጋ ባይት ራም ባለው ትንሽ ሰርቨር ላይ «ሜክ ዳሽ ጄ» ብላችሁ ቁጥር ካልሰጣችሁት ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚያስሮጣቸው ሥራዎች ገደብ የላቸውም። ኮምፓይለሩ «ኪልድ» ብሎ ይሞታል። የኮድ ስህተት ይመስላል፤ አይደለም። ዲሜሴጅ (የከርነሉ መልእክት መዝገብ) ላይ ከርነሉ ራሱ ሜሞሪ ስላለቀ እንደገደለው ተጽፎ ታገኙታላችሁ። 2 ጊጋ ስዋፕ ፋይል (ዲስክ ላይ የሚሆን ተጨማሪ ሜሞሪ) ፍጠሩ፣ ጄውን 1 አድርጉት። የተጠናቀቁትን ዶት ኦ ፋይሎች አይደግምም፣ ካቆመበት ይቀጥላል።

መጨረሻ ላይ «ሜክ አልትኢንስቶል»። «ኢንስቶል» አይደለም! አልት ያለው «ፓይተን3.12» የሚለውን ስም ብቻ ይሰጠዋል፣ «ፓይተን3» የሚለውን አይነካም። የሲስተሙን ፓይተን3 «አልተርኔቲቭስ» በሚባለው መሣሪያ አዙረው ወደ አዲሱ የሚያመለክቱ ሰዎች አሉ፤ እባካችሁ አታድርጉት። ኡቡንቱ 22.04 ላይ «አፕት ፒኬጂ» የሚባለው ሞጁል የተሠራው ለ3.10 ነው። 3.12 አያገኘውም፣ በፓይተን የተጻፉት የኡቡንቱ መሣሪያዎች ይሰበራሉ።

ታዲያ ለምን ይህ ሁሉ ድካም? የሲስተሙ 3.10 ለምን አይበቃም?

አሁን ወደ… ይህን እንዴት ልበለው። በመስከረም 2021 ዩኒኮድ 14 (ዩኒኮድ የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር መዝገብ ነው) ሲወጣ «ኢትዮፒክ ኤክስቴንድድ-ቢ» የሚባል ክፍል ገባ። 28 ፊደላት፣ ለጉራጌ ቋንቋዎች። ፓይተን 3.10 የያዘው የፊደላት መዝገብ ግን የዩኒኮድ 13 ነው። 14ን የያዘው 3.11 ነው። እና 3.10 ላይ ከነዚህ ፊደላት አንዱን «ኢዝአልፋ» ብላችሁ ብትጠይቁት፣ ፊደል አይደለም ይላል። ሬጌክስ (ጽሑፍን በንድፍ መፈለጊያ) ላይ በ«ባክስላሽ ደብሊው» ቃላት ብትለቅሙ፣ ቃሉ ያ ፊደል ያለበት ቦታ ላይ ለሁለት ይቆረጣል።

ኢረር የለም። ፋይሉ ይነበባል፣ ፎንቱ ካለ ስክሪኑ ላይም በትክክል ይታያል፤ ፊደላቱ ፋይል ላይ የሚጻፉበት ዩቲኤፍ-8 ስለ መዝገቡ ግድ የለውም። ስክሪፕቱ ሮጦ ይጨርሳል። ዜሮ።

የአማርኛ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ ከ1999 ጀምሮ አለ። ስለዚህ በአማርኛ ጽሑፍ ብቻ የሚሞክር ሰው ይህን በፍጹም አያየውም። ሁሉም ሙከራ ያልፋል። ቃሉ የተቆረጠበት ሰው ደግሞ ሰርቨሩ አጠገብ አይደለም። የመዝገበ ቃላት ፍለጋ ይከፍታል፣ ቃሉን ይጽፋል፣ የለም ይባላል። የኛ ቋንቋ ገና አልገባም ብሎ ይዘጋዋል።

ይህን ሳስብ ይከብደኛል። እዚያኛውስ፣ የሜኩ ላይ፣ ቢያንስ ስሙ ተጽፎ ነበር። ያነበበው ቢጠፋም «ኤልዜድኤምኤ የለም» ተብሏል። እዚህ ግን የሚጽፈው የለም።

ከመጫን በኋላ በአንድ መስመር ኤስኤስኤልን፣ ኤስኪውላይት3ን፣ ኤልዜድኤምኤን፣ ቢዚ2ን፣ ሲታይፕስን ኢምፖርት ማድረግ ይቻላል፤ አንዱ ከጎደለ ይጮኻል። «ዩኒኮድዳታ» የሚለውን ሞጁል «ዩኒዲቢ ቨርዥን» ብላችሁ ብትጠይቁት 3.12 ላይ 15.0.0 ይላችኋል። ያ ጥሩ ነው፣ አድርጉት። ግን ይህ የሚይዘው ስሙን የማውቀውን ነው። ስሙን የማላውቀው… ምናልባት ኮንፊገር ኢረር ብሎ ቢያቆም ይሻል ነበር። ግን ኤስኪውላይት የማያስፈልገው ትንሽ መሣሪያ ላይ የሚሠራውስ ሰው? እሱ እንዲያቆምበት አይፈልግም፣ እሱም ልክ ነው። አላውቅም። ኮንፊገር የሚጽፈው ኮንፊግ ዶት ሎግ እንደሆነ እዚያው ቁጭ ብሏል፣ በሺህ የሚቆጠር መስመር፣ እያንዳንዱ የተፈለገና ያልተገኘ ነገር ከነምክንያቱ። ይህን ሎግ ቁጭ ብሎ ከላይ እስከ ታች… ቆይ፣ ስለ ሎጉ ሌላ ጊዜ… እሺ።