ቤቱን ንገሩን፣ ተከራዩን ተዉት፦ በዓመታዊ ጉባኤያችን የተደረገ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የቤት ደላሎች ማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶች፣ እንደምን አደራችሁ? እንኳን በሰላም መጣችሁ።

የሥራ ሪፖርቱንና ሒሳቡን ጸሐፊያችንና ገንዘብ ያዣችን ከኔ በተሻለ ያቀርቡታል። እኔ የማነሳው ስልካችን ውስጥ ስላለ ነገር ነው። ትናንት ማታ እዚህ አሜሪካ የኛ ሰዎች ቤት የሚያከራዩበትን አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ከፍቼ ማስታወቂያ ሳነብ አመሸሁ። «ንጹሕ ቤዝመንት፣ የራሱ መግቢያ ያለው፣ ለሐበሻ ብቻ።» ቀጥሎ፣ «ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስት ቢሆኑ ይመረጣል።» ወረድ ሲል፣ «ለክርስቲያን ቤተሰብ።» ከጻፉት መካከል አንዳንዶቹ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠዋል። ስም አልጠራም፤ አትሳቀቁ።

ይህንኑ በእንግሊዝኛ ጻፉ ብንባል እጃችን ይያዝ ነበር። በአማርኛ ሲሆን ግን ጓዳችን ውስጥ የምናወራ ይመስለናል። ቤት ሲከራይም ሆነ ሲሸጥ ሰውን መለየት የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ፣ ፌር ሃውሲንግ አክት፣ የጽሑፉን ቋንቋ አይጠይቅም። የሚጠይቀው፣ ተራ አንባቢ ሲያነበው «እኔን አይፈልጉኝም» ብሎ ይረዳዋል ወይ የሚለውን ነው። «ክፉ ሐሳብ አልነበረኝም» ማለትም አያድንም።

ፌር ሃውሲንግ አክት የተፈረመው እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 11 ቀን 1968፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ በተገደሉ በሳምንቱ ነው። ሲወጣ ዘርን፣ የቆዳ ቀለምን፣ ሃይማኖትንና የትውልድ አገርን ይዞ ነበር። በ1974 ጾታ፣ በ1988 ደግሞ አካል ጉዳትና ልጅ ያለው ቤተሰብ ተጨመሩ። «ለሐበሻ ብቻ» የትኛው ላይ እንደሚያርፍ ለናንተ አልነግርም።

አንድ ክርክር ሁልጊዜ ይመጣብኛል፦ «ባለቤቱ ራሱ የሚኖርበት፣ ከአራት ቤት የማይበልጥ ሕንፃ ከሕጉ ነፃ ነው።» ግማሹ እውነት ነው። ያ ነፃነት ማስታወቂያን አይሸፍንም። ዘር ላይ ሲሆን ደግሞ ተከራይ በመምረጡም አያድንም፤ የ1866ቱ የሲቪል መብት ሕግ እንዲህ ያለ ቀዳዳ አልተወም። በ1972 ፌዴራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ያየውን ጉዳይ አስታውሱ። አንድ ጋዜጣ በነጮች ቤት ውስጥ የሚከራይ ቤዝመንት ብሎ ማስታወቂያ አወጣ። አዎ፣ ያኔም ቤዝመንት ነበር! ጋዜጣው የራሱ ቤት የለውም፤ የሰው ቃል ነው ያተመው። ፍርድ ቤቱ ግን ሕግ ጥሷል አለው። ስለዚህ «አከራዩ እንዲህ ጻፍልኝ ስላለኝ ነው» የምትለዋ የደላላ መልስ የትም አታደርሰንም። ሕጉ ስልክ ላይ በአፋችን የምንናገረውንም ይይዛል።

እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን የአንዲት እናት ቤት እያከራየሁ ነበር። ደረጃው ቀጥ ያለ ነው፤ ልጅ ይወድቃል ብዬ «ልጅ ለሌላቸው» ብዬ ለጠፍኩ። በበነጋው አንዲት ሴት ደወለች። ሁለት ልጆች አሏት። አልተቆጣችም፣ አልሰደበችኝም። «ወንድሜ፣ የት ላድርጋቸው?» አለችኝና ዝም አለች። የምመልሰው አጣሁ። መጻፍ የነበረብኝ «ደረጃው ቀጥ ያለና ጠባብ ነው» ብቻ ነበር። የቤቱ ጠባይ ይኸው ነው። መግባት አለመግባቱን የልጆቹ እናት ትወስን።

በሌላ በኩል ፈርተው ምንም የማይጽፉ አሉ። «በእግር የሚደረስ» ማለት እንኳ አካል ጉዳተኛን ያገላል ብላ የሰረዘች አባል አውቃለሁ። ኸድ፣ ማለትም የፌዴራሉ የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤት፣ በ1995 ባወጣው መመሪያ «በእግር የሚደረስ»፣ «ማስተር ቤድሩም»፣ «ፋሚሊ ሩም» ችግር የለባቸውም ብሏል። ሳሎንና ኩሽና የሚጋሩ ሰዎች «ሴት ነው የምንፈልገው» ቢሉም በጾታ በኩል ይፈቀድላቸዋል። የራሱ በርና ኩሽና ላለው ቤት ግን አይሠራም። «ሴክሽን ኤይት»ን፣ ማለትም መንግሥት ለዝቅተኛ ገቢ ተከራይ የሚሰጠውን የኪራይ ድጎማ፣ «አንቀበልም» የምትሉ ደግሞ የየስቴታችሁን ሕግ እዩ። ፌዴራሉ ባይከለክለውም ብዙ ስቴቶችና ከተሞች ይከለክሉታል።

ማስታወቂያው ለማን እንደሚታይ መምረጥም ያው ነው። ፌስቡክ በዚህ ተከሶ፣ በ2022 ከፍትሕ መሥሪያ ቤት ጋር ሲስማማ 115,054 ዶላር ቅጣት ተቀብሏል። ለዚያ ኩባንያ ገንዘቡ ምንም አይደለም፤ የከበደው የማስታወቂያ ማሠራጫ ዘዴውን እንዲቀይር መገደዱ ነበር።

ወንበራችሁ ላይ ያገኛችሁት ወረቀት 12 ማስታወቂያዎች አሉት፤ ሁሉም ከኛው አባላት የተወሰዱ ናቸው፣ ስማቸው ተነሥቷል። ከእረፍት በኋላ በየጠረጴዛችሁ ታርሟቸዋላችሁ። አምስተኛው የኔ ነው፤ አትራሩለት። ጉባኤው ተከፍቷል፤ ጸሐፊያችን፣ መድረኩ ያንተ ነው።