ጭቃው ላይ ያለው ሰማይ

እንደምን አመሻችሁ! ስለመጣችሁ በጣም ደስ ብሎኛል።

አንድ ወዳጄ ቅድም ከበሩ እንደገባ ግድግዳውን ዞር ዞር ብሎ አየና «ይሄ ሁሉ ጭቃ ነው እንዴ?» አለኝ። አዎ፣ ጭቃ ነው። እዚህ የተሰቀሉት ሥዕሎቼ ሁሉ የተጀመሩት በዕረፍት ቀናት የእግር ጉዞ ላይ ነው። ቦታው በባሕር ዳርቻ ያለ ጨዋማ ረግረግ ነው። ባሕሩ ሲሞላ ይውጠዋል፣ ሲጎድል ይተፋዋል።

ለዕረፍት ወደ ባሕር ዳርቻ የሚሄድ ሰው የሚፈልገው አሸዋ ነው። እኔም ያው ነበርኩ። አንድ ቀን ግን ነፋሱ ከአሸዋው አባረረኝና ከኋላ ባለው የእግር መንገድ ገባሁ። መጀመሪያ ምንም አልታየኝም። ዛፍ የለ፣ ተራራ የለ፣ ዝም ብሎ ዝርግ ነው። ደብተሬን አውጥቼ አረንጓዴ ለቀለቅሁበት። ማታ ሳየው የኳስ ሜዳ ወጥቶታል።

ስህተቴ የገባኝ ቆይቶ ነው። ረግረግ አንድ አረንጓዴ የለውም። ዕፅዋቱ የሚበቅሉት ጨዋማው ውሃ ስንት ጊዜ እንደሚሸፍናቸው እየለዩ ነው። ታች፣ ጭቃው ዳር፣ ቅጠል የሌላት የምትመስል፣ ግንዷ ውሃ የቋጠረ ትንሽ ተክል አለች። በመከር ወራት ደም ትመስላለች። ከፍ ሲል ግራጫ የተቀላቀለበት አረንጓዴ ይመጣል። በበጋው ማብቂያ ላይ ደግሞ ሐምራዊ አበባ ምድሩን የሚያለብስበት ቦታ አለ። መሬቱ አንድ ስንዝር ከፍ ወይም ዝቅ ሲል ቀለሙ ይለወጣል። ስለዚህ ዝርግ ያልኩት መሬት ዝርግ አልነበረም። ከፍታው በቀለም ተጽፎ ነበር፣ እኔ ማንበብ አቃተኝ እንጂ።

ወደ ጭቃው ልመለስ። ጭቃ ለመሳል ቡኒ ቀለም የሚያነሳ ሰው፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ጭቃውን ገና አላየውም። ውሃው አሁን የለቀቀው ጭቃ መስታወት ነው። ቀለሙን ከሰማይ ይበደራል። ጠዋት ብርማ ግራጫ ነው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ሮዝ ይሆናል። ቡኒው የሚገኘው ውሃው በሚመላለስባቸው ቦዮች ግድግዳ ላይ ነው፣ ብርሃን በማያገኘው በኩል። እኔ ጭቃውንና ሰማዩን በአንድ ብሩሽ፣ ከአንድ ቀለም እጀምራለሁ። ታችኛውን ትንሽ አጠቁረዋለሁ፤ በውሃ ላይ የሚታይ ሰማይ አብዛኛውን ጊዜ ከላይኛው ጠቆር ይላልና።

ሰማዩን ካነሳን አይቀር፣ አድማሱን ዝቅ አድርጉት። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ሆላንዳዊ ያኮብ ፋን ራውስዳል የሃርለምን ዝርግ ምድር ሲስል ከሸራው ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ለደመና ሰጥቷል። እንግሊዛዊው ጆን ኮንስታብል ደግሞ በ1821 እና በ1822 ደጅ ወጥቶ ደመና ብቻ ይስል ነበር። ከሥዕሎቹ ጀርባ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የነፋሱን አቅጣጫ ይጽፋል። ይህችን ልማድ ሰርቄዋለሁ። እኔ የምጨምረው ውሃው እየሞላ ይሁን እየጎደለ ነው።

ለምን መሰላችሁ? በብዙ የባሕር ዳርቻዎች ከአንዱ ሙላት እስከሚቀጥለው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ስለዚህ ነገ በዚያው ሰዓት ብትመለሱ ውሃው 50 ደቂቃ ያህል ዘግይቷል። ብርሃኑን ብትከተሉ ውሃው ያመልጣል፣ ውሃውን ብትከተሉ ብርሃኑ። ሁለቱ እንደገና የሚገጣጠሙት ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። የኔ ዕረፍት ደግሞ አንድ ሳምንት!

እናም መጀመሪያ የውሃውን ጠርዝ በእርሳስ እይዛለሁ። ሁለት ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ውሃው ወዴትም ቢሄድ አልከተለውም። ቦዮቹን ስትስሉ ደግሞ ተጠንቀቁ። ሁላችንም ስንጀምር ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ እባብ እናደርጋቸዋለን፣ ወፍ ከላይ እንዳየቻቸው። ቆሞ ለሚያይ ሰው ቅርብ ያለው ጥምዝ ሰፊ ነው፣ የሩቁ ግን ተጨፍልቆ ቀጭን መስመር ይሆናል።

አሜሪካዊው ማርቲን ጆንሰን ሂድ (1819–1904) ጨዋማ ረግረግን ከመቶ ጊዜ በላይ ስሏል። ገበሬዎቹ ውሃው እንዳይወስድባቸው የረግረጉን ድርቆሽ በእንጨት ካስማዎች ላይ ይከምሩት ነበር። እሱ ታዲያ ክምሮቹን እንደ መለኪያ ተጠቀመባቸው። አንዱ ቅርብና ትልቅ፣ አንዱ ሩቅና ጥፍር የሚያክል። ዓይን በእነሱ እየተረማመደ አድማሱ ጋ ይደርሳል። እኔ ክምር ስለሌለኝ አሮጌ የአጥር እንጨት እፈልጋለሁ። ወፍ ከሆነ ቶሎ መሳል ነው።

«በስልክ አንስተህ ቤት አትስለውም?» የሚሉኝ አሉ። አነሳለሁ። ግን ስልኬ ወይ ሰማዩን ያነጣዋል ወይ ጭቃውን ያጠቁረዋል፤ ሩቁን ደግሞ ክር ያሳክለዋል። ከፎቶው ይልቅ ደብተሬ ዳር ላይ የጫርኳት «ቦዩ ከሰማዩ ይጠቁራል፣ ግራው ይሞቃል» የምትል ማስታወሻ ብዙ ጊዜ ታድናኛለች።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ረግረግ ላይ ውሃ ከፊት ለፊት አይመጣም። በቦዮቹ ተሽሎክሉኮ ከኋላችሁ ይዞራል። አንድ ጊዜ ታጣፊ ወንበሬ ላይ ተመቻችቼ ስስል ቀና ብል የመጣሁበት መንገድ ቦይ ሆኗል። ወንበሬም እስከ መቀመጫው ሰጥሟል። ሥዕሉን በጥርሴ ነክሼ ወጣሁ፣ የግራ ጫማዬ ግን እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ የሙላቱን ሰዓት ሳላይ አልወጣም፣ ከመንገዱም አልወርድም።

ያ ሥዕል በቀኝ በኩል፣ ጥግ ላይ ያለው ትንሹ ነው። ዳሩ ላይ የጥርሴ ምልክት አለ። ሰዓቱ ከጀርባው ተጽፏል፣ ገልብጣችሁ ማየት ትችላላችሁ።