5 ከየት መጣ?

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ውስጤ ሲመላለስ ስለቆየ አንድ የሒሳብ ጉዳይ ላወራችሁ ነው። ወረቀትና እስክሪብቶ ካላችሁ ያዙ። ከሌላችሁም ችግር የለም፣ ቀስ ብዬ ነው የምሄደው።

ከአንድ ብዜት እንነሳ። ኪው በቁጥር ምትክ የምንይዘው ፊደል ነው። 1 ሲቀነስ ኪው። ይህንን በ1 ሲቀነስ ኪው ስኩዌር አባዙት። ቀጥሎ በ1 ሲቀነስ ኪው ኪዩብ። እንዲህ እያለ ይሄዳል፣ ማለቂያ የለውም። ሁለቱን ስታባዙ ኪው ኪዩብ ብቅ ይላል። ሦስተኛው ሲገባ ያው ኪው ኪዩብ ይጣፋል፣ በምትኩ ኪው ፓወር 4 ይመጣል። አራተኛው ሲገባ እሱም ድራሹ ይጠፋል። ኪው ፓወር 5 ደግሞ ሁለት ይሆናል፤ አምስተኛው አንዱን ያነሳዋል፣ አንዱ ይቀራል። ከዚያ በኋላ የሚነካው የለም።

መጨረሻ ላይ ከ1 ቀጥሎ የሚተርፉት ፓወራቸው 1፣ 2፣ 5፣ 7፣ 12፣ 15 እያለ የሚሄድ ብቻ ናቸው። ሁለቱ ይቀነሳሉ፣ ሁለቱ ይደመራሉ፣ እንደገና ሁለቱ ይቀነሳሉ። ያ ሁሉ ብዜት ተጣፍቶ ይህች ቀጭን ድምር ትቀራለች። ታላቁ የሒሳብ ሊቅ ኦይለር ነገሩን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1740ዎቹ መጀመሪያ አይቶታል። ማረጋገጫው የመጣለት ግን በ1750 ነው። ኦይለርን የሚያህል ሰው ያን ያህል ዓመት መጠበቁ ሁሌም ይገርመኛል።

እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ሌላው ነው፤ በሁለት የሒሳብ ሰዎች ስም የሮጀርስና የራማኑጃን የሚባለው።

9ን ውሰዱና በድምር በትኑት። ደንቡ አንድ ነው፤ በማንኛቸውም ሁለት ቁጥሮች መካከል ቢያንስ የ2 ልዩነት ይኑር። 9 ራሱ አለ። 8 እና 1። 7 እና 2። 6 እና 3። 5፣ 3 እና 1። አለቀ፣ 5 መንገድ ነው። 5 እና 4 አይሆንም፣ በጣም ተቀራርበዋል።

አሁን ያንን ደንብ ተዉት። ለ5 ሲካፈሉ 1 ወይም 4 የሚተርፋቸውን ቁጥሮች ብቻ ተጠቀሙ። መድገም ይቻላል። 9። 6 እና ሦስት 1። ሁለት 4 እና አንድ 1። አንድ 4 እና አምስት 1። ዘጠኝ 1። አሁንም 5!

በማንኛውም ቁጥር ብትሞክሩት እኩል ይመጣል። የምትበትኑትን ቁጥር የኪው ፓወር አድርጉት፣ የመንገዶቹን ብዛት ከፊቱ ጻፉት፤ የመጀመሪያውን ደንብ እንዲህ በኪው ስትጽፉት ተከታታይ ድምር ይሆናል። ሁለተኛው ማለቂያ የሌለው ብዜት ይሆናል። ሁለቱ እኩል ናቸው ማለት ነው። ግን እዩት፤ የመጀመሪያው የሚያወራው ስለ ርቀት ነው። ለ5 ስለ ማካፈል ምንም አይልም። ታዲያ ይህ 5 ከየት መጣ?

ሮጀርስ በ1894 አረጋግጦ አሳትሞት ነበር፣ ልብ ያለው ሰው አልነበረም እንጂ። ራማኑጃን በራሱ መንገድ ደረሰበት፣ ማረጋገጫ ግን አልነበረውም። በ1917 እንግሊዝ ሆኖ የቆዩ ጥራዞች ሲያገላብጥ የሮጀርስን ጽሑፍ አገኘው። በዚያው ዓመት ሹር የሚባል ሰው ጀርመን ውስጥ ለብቻው አረጋገጠው። ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ ደግሞ ባክስተር፣ የፊዚክስ ሰው ነው፣ ቅንጣቶች በባለ ሦስት ጎን መረብ ላይ እንዴት እንደሚሰፍሩ ሲያሰላ እነዚሁ ቀመሮች ብቅ አሉበት። እዚያም ደንቡ ጎረቤታሞች አይነካኩ የሚል ነው።

ማረጋገጫው ዛሬ ብዙ ነው። ደረጃ በደረጃ ስከተለው አምናለሁ። ግን ማመንና ምክንያቱን ማየት ለኔ አንድ አይደሉም። እኔ የምፈልገው አንዱን ወገን ከሌላው ጋር በቀጥታ የሚያጣምር አጭር መንገድ ነው። በ1981 ጋርሲያና ሚልን የሚባሉ የሒሳብ ሰዎች አንድ ለአንድ የሚያጣምር ዘዴ አቅርበዋል። ነገር ግን ረጅም ነው፣ ወዲያና ወዲህ ብዙ ያመላልሳል፤ ስጨርሰው ያ 5 አሁንም እንቆቅልሽ ይሆንብኛል።

እናንተም ሞክሩት። 10 ላይ በሁለቱም ወገን 6 መንገድ ታገኛላችሁ። በመጀመሪያው ወገን 6፣ 3 እና 1 አለ። ከሌላው ወገን ከየትኛው ጋር ታጣምሩታላችሁ? ለምን?