ጣዕሙ እስኪመለስ አትጠብቁ
(ጅማ ላይ ለታካሚዎች፣ ለአስታማሚዎችና ለጤና ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር)

እንደምን አረፈዳችሁ? አሰላሙ አለይኩም። አካም ጅርቱ?

እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሕክምናቸውን የጨረሱ አሉ። ገና ቀን የተቆረጠላቸውም አሉ። አጠገባቸው የተቀመጡት አስታማሚዎች ደግሞ ከታካሚው እኩል እንቅልፍ ያጡ ናቸው። ዛሬ የማወራችሁ ስለ መብላት ብቻ ነው።

እኔ ምላሴ ሥር ለወጣ ካንሰር ጨረርና ኬሞ የሚባለውን የካንሰር መድኃኒት ወስጃለሁ። ካንሰሩ ጠፍቷል ተባልኩ፤ ተመስገን። ከዚያ በኋላ ግን ማዕድ ፊት መቀመጥ ከባድ ሆነብኝ። ሰው ሁሉ «እንኳን ማረህ» ይላል። ምግብ ለምን እንደማይወርድልህ የሚያስረዳህ ግን ጥቂት ነው።

ጨረሩ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 5 ቀን፣ ለ6 ወይም ለ7 ሳምንት ይሰጣል። ካንሰሩን ሲመታ ዙሪያውን ያለውንም ይነካል። ምላሳችን ላይ ጣዕም የሚለዩት ህዋሳት ዕድሜያቸው አጭር ነው። በደህናው ጊዜ ከ10 ቀን እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ አሮጌው ሞቶ አዲስ ይተካል። ጨረር ይህንን መተካት ያቋርጠዋል። ለዚህ ነው በ2ኛው ወይም በ3ኛው ሳምንት ወጡም እንጀራውም አንድ ዓይነት የሚሆነው። ለአንዳንዱ ሁሉም ነገር ይመረዋል፣ ለአንዳንዱ ብረት ብረት ይለዋል።

በዚያ ላይ ምራቅ አለ። ምግብ የሚጣፍጠን በምራቅ ሲሟሟ ነው። የምራቅ ዕጢዎች በጨረር ሲጎዱ አፍ ይደርቃል፣ እንጀራ ላንቃ ላይ ይለጠፋል፣ ዳቦማ ጭራሽ አይታሰብም። ጣዕም አብዛኛውን ጊዜ ሕክምናው ካለቀ ከጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት በኋላ መመለስ ይጀምራል። እስከ ዓመትና ከዚያም በላይ እየተሻሻለ ይሄዳል። ለአንዳንዶች ሙሉ ለሙሉ አይመለስም። ምራቅ ደግሞ ከጣዕምም ይዘገያል። ይህንን የምናገረው ላስፈራችሁ አይደለም። በ3ኛው ወር «እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት» ብላችሁ ተስፋ እንዳትቆርጡ ነው።

የጅማ ሰው ነንና ስለ ቡና ልንገራችሁ። ቤት ውስጥ ቡና ሲቆላ ሽታው እንደ ድሮው ይመጣልኝ ነበር። ጭሱን ወደ ፊቴ ሲያዞሩልኝ ዓይኔን ጨፍኜ እስበዋለሁ። ሲኒውን አንስቼ ፉት ስል ግን የሞቀ ውሃ ነው። አፍንጫዬ ደህና ነበር፤ የተጎዳው አፌ ነው። ብዙ ቆይቶ አንድ ቀን ከአቦሉ መጨረሻ ላይ ቀጭን ምሬት ምላሴ ጫፍ ላይ ተሰማኝ። መራራ ነገር ቀምሶ እንደዚያ ደስ ያለው ሰው ያለ አይመስለኝም። የማሽተት አቅማችሁ ያልተጎዳ ሰዎች ተጠቀሙበት። ከመብላታችሁ በፊት ኮረሪማውን፣ ቅቤውን አሽትቱ። አፍ የነፈገንን ትንሽ ትንሽ አፍንጫ ይሰጠናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ብዙ ታካሚ «ጣዕሙ ሲመለስ እበላለሁ» ይላል። እባካችሁ አትጠብቁ። የመዋጫ ጡንቻዎች ካልሠሩ ይደክማሉ፣ ይደርቃሉ። ጣዕም በራሱ ጊዜ ሊመጣ ይችላል፤ መዋጥ ግን ከተተወ በኋላ ለመመለስ ብዙ ያደክማል። በአፍንጫ ወይም በሆድ ቱቦ የምትመገቡም ብትሆኑ፣ ሐኪሙ መዋጥ ትችላላችሁ ካለ በየቀኑ ጥቂት ፉት በሉ። እኔ በዚያን ጊዜ ምግብን እንደ መድኃኒት ነው የያዝኩት። ኪኒን ጣፈጠ አልጣፈጠ ብሎ የሚተው የለም፤ ሰዓቱ ሲደርስ ይዋጣል።

እስቲ ወደ ማድ ቤት እንግባ። በዚህ በኩል የእኛ አገር ታድሏል። አጥሚት አለ። ቡላ በወተት አለ፤ ለስላሳ ነው፣ ይወርዳል። ተልባ በደንብ ተጣርቶ ለብ ሲል ጉሮሮን ያለሰልሳል። አቮካዶ ጅማ ውስጥ ሞልቷል፤ በወተት ተፈጭቶ ሲጠጣ ኃይል ይሰጣል። ቀጠን ያለ ሽሮ ያለ በርበሬ፣ እንቁላል፣ እርጎ፣ የተፈጨ ለውዝ። ክብደት ለሚቀንስ ሰው አጥሚቱ ላይ አንድ ማንኪያ ቅቤ ጣል ማድረግ ትልቅ ነገር ነው። በቀን ሦስቴ ብዙ ከመብላት ስድስቴ ትንሽ ትንሽ ይሻላል። ብረት ብረት የሚላችሁ ከሆነ የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ማንኪያ ሞክሩ። የምግብ ሽታ የሚያስጠላችሁ ከሆነ ቀዝቀዝ አድርጋችሁ ብሉት።

አፍ ቆስሎ ሳለ በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ሎሚ፣ ቲማቲም ይለፏችሁ። ኮምጠጥ ያለ እንጀራም ያቃጥላል። ቁስሉ ሲድን ለስለስ ያለውን እንጀራ መረቅ ውስጥ አርሳችሁ ጀምሩ። ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨውና ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ በጥብጣችሁ ከምግብ በፊትና በኋላ ተጉመጥመጡ፣ ትፉት። ቤኪንግ ፓውደር አይደለም፤ ሱቅ ስትገዙ ለዩ። አፍ ሲጸዳ የቀረችው ጣዕም ራሷ ትሻላለች።

አስታማሚዎች፣ ይህ ለእናንተ ነው። እኛ ፍቅራችንን የምንገልጸው በጉርሻ ነው። «በሞቴ»፣ «አፈር ስሆን» እያልን ነው ሰው የምናበላው። እናቴ ጠቅልላ ስትዘረጋልኝ እንቢ ማለት እንዴት እንደሚከብድ የደረሰበት ያውቀዋል። ግን የዚህ ታካሚ አፍ በደንብ ላይከፈት ይችላል። የተጠቀለለ ጉርሻ ትን ሊለው ይችላል። እንቢ ያለው እናንተን ጠልቶ አይደለም። አታስገድዱት። ከማዕድ ግን አትለዩት። ለብቻው ክፍል ውስጥ አጥሚት ይዞ የሚቀመጥ ሰው ቶሎ ያኮርፋል። ገበታው ላይ አስቀምጡት፣ በራሱ ጊዜ ፉት ይበል፣ «ስንት ቀረህ?» እያላችሁ አትቁጠሩበት። የጾም ነገርም እንዲሁ ነው። ረመዳንም ሆነ ሁዳዴ፣ ታማሚ ለሕክምናው ሲል መብላቱ በሁለቱም ሃይማኖት ቦታ አለው። ሼኩን ወይም የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። ካማከራችሁ በኋላ ግን ወተቱን በኀፍረት አትጠጡት።

ለብዙ ዓመታት በአገሩ ጨረር የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። የጅማ ሰው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ወረፋ ይጠብቅ ነበር። ምድጃ በሌለበት ኪራይ ክፍል ሰንብቶ፣ ከሻይና ከሆቴል ምግብ ሌላ ሳያገኝ ከስቶ የተመለሰ ስንቱ ነው። ዛሬም ለሕክምና ከቤቱ ርቆ የሚሄድ ካለ፣ ከአልጋው ዋጋ በፊት አጥሚት የሚሞቅበት ቦታ መኖሩን ይጠይቅ።

አሁን ሦስት ጣታችሁን አንድ ላይ አቁማችሁ በላይኛውና በታችኛው የፊት ጥርሶቻችሁ መካከል አስገቡ። ሦስቱ ካልገቡ መንጋጋችሁ እየጠበበ ሊሆን ይችላልና ሐኪም ያሳዩ። ከጨረር በኋላ የመንጋጋ ጡንቻ ደርቆ ይገተራል፤ የመክፈት ልምምድ ቶሎ ከተጀመረ ይረዳል። ጥርስም አደራ። ምራቅ ሲጠፋ ጥርስ በፍጥነት ይበሰብሳል። ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ቦርሹ። ማር ከበላችሁ ተጉመጥመጡ። ጥርስ ከማስነቀላችሁ በፊት፣ ዓመታት ቢያልፉም፣ ጨረር እንደወሰዳችሁ ለጥርስ ሐኪሙ ንገሩ፤ አጥንቱ ላይድን ይችላል። ጫትም አፍ ያደርቃል፣ የምግብ ፍላጎትም ይዘጋል። ሲጋራና መጠጥ ደግሞ በሽታውን መልሰው ሊጠሩ ይችላሉ። ከተማችንን አውቃለሁና ይህንን የምለው ጫት መተው ቀላል መስሎኝ አይደለም።

ውሃ በጠጣችሁ ቁጥር የምታስሉ ከሆነ፣ ከጠጣችሁ በኋላ ድምፃችሁ ውሃ የያዘ የሚመስል ከሆነ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ክብደት በየሳምንቱ ከቀነሰ ነገ ዛሬ ሳትሉ ሂዱ። ምግብ ወደ ሳንባ እየገባ ሊሆን ይችላል። 3 ሳምንት ያልዳነ የአፍ ቁስል ወይም አንገት ላይ አዲስ ያበጠ ነገር ካገኛችሁም እንዲሁ።

ከሻይ ዕረፍት በኋላ የመዋጥና የአፍ መክፈት ልምምዱን አብረን እንሠራለን። አስታማሚዎችም አብራችሁ ሥሩ፤ ቤት ስትገቡ የምታስታውሱት እናንተ ናችሁ። እስከዚያው ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ። መናገር የሚያቅተው በወረቀት ይጻፍልኝ፣ እኔ አነብለታለሁ። አመሰግናለሁ።