ቡናው የኛ፣ ቀልዱ የሰው

ክቡራን መምህራን፣ የተወደዳችሁ ተመራቂዎች፣ እንደምን አመሻችሁ።

የሒሳብና የኮምፒውተር ሳይንስ ልጆች እዚህ ሐዋሳ የሽኝት ምሽት ባዘጋጁ ቁጥር እኔን መጥራት ልማድ አድርገውታል። ዘንድሮ "ስለ ሙያው የወደፊት ተስፋ ንገረን" ብለውኛል። እሱን ሌላ ሰው ይንገራችሁ። እኔ የመጣሁት ስለ ቀልድ ላወራ ነው። አትሳቁ፣ የምሬን ነው።

ስንቶቻችሁ ቤተሰብ ፊት "በግ አገኘሁ" ብላችሁ ታውቃላችሁ? ያ bug የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃል፣ ትርጉሙ ነፍሳት፣ በሙያችን ደግሞ የፕሮግራም ስህተት፣ አማርኛ አፍ ውስጥ ሲገባ ፀጉር ያበቅላል። እኔ የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ ሳለሁ፣ ለፋሲካ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ሌሊቱን ሙሉ ኮድ ላይ አፍጥጬ አደርኩ። ሊነጋጋ ሲል ባልደረባዬ ደወለ። "አገኘሁት!" ብዬ ጮህኩ። "በጉ ሁለተኛው ሉፕ ውስጥ ተደብቆ ነበር። አሁኑኑ እገድለዋለሁ!"

እናቴ ነጠላዋን እያጣፋች ከመኝታ ቤት ወጣች። "የማን በግ ነው ልጄ? ጾሙ ሳይፈታ?" ስህተት ማለት ነው ብዬ ላስረዳት ሞከርኩ። ዝም ብላ ሰማችኝና "ታዲያ ስህተት ከሆነ ምን ያስደስትሃል?" አለች። እስከ ዛሬ መልስ የለኝም። በበዓሉ ዕለት ለጎረቤቱ ሁሉ "ልጄ ቢሮ ተቀምጦ የሰው በግ እየፈለገ ደመወዝ ይከፈለዋል" ስትል ዋለች። ከዚህ የተሻለ የሥራ መደብ መግለጫ አንብቤ አላውቅም።

የፈረንጆቹ በግ ደግሞ ክንፍ ነበረው። እንደነሱ አቆጣጠር በ1947 ሃርቫርድ ማርክ 2 በተባለው ኮምፒውተር ሪሌይ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ ውስጥ አንዲት የእሳት ራት ተገኘች። መዝገብ ላይ በፕላስተር ለጠፏትና "በእውን የተገኘ የመጀመሪያው በግ" ብለው ጻፉ። ቃሉ ለማሽን ብልሽት ከዚያ በፊትም ይነገር ነበር፣ ኤዲሰን በ1870ዎቹ ተጠቅሞበታል። ቀልዱ ያለው እዚያ ላይ ነው። ወርቁን ሲያሳድዱ ሰሙን ያዙት! ቅኔ እየሰማ ላደገ ሰው ይህ አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ንዴቴ ልምጣ።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1998፣ ኤፕሪል 1 ቀን፣ በነሱ የቀልድ ቀን፣ ላሪ ማሲንተር የተባለ ሰው አርኤፍሲ 2324 የተባለ የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ አወጣ። የቡና ማፍያን በኢንተርኔት ስለ መቆጣጠር የሚያወራ ፕሮቶኮል፣ ማለትም የማሽኖች መነጋገሪያ ደንብ ነው። አጻጻፉ እንደ ሌሎቹ ሰነዶች ኮስተር ያለ ነው። በሻይ ማንቆርቆሪያ ቡና ላፍላ ካላችሁ ስህተት 418 ይመጣላችኋል፦ "እኔ የሻይ ማንቆርቆሪያ ነኝ።" ካፌይን ለወጣለት ቡና አማራጭ አላስቀመጠም፤ "ምን ዋጋ አለው?" ይላል። እስከዚህ ድረስ ከሰውየው ጋር አንድ ነን።

ትንሽ ወረድ ስትሉ ግን ቡና በየቋንቋው ምን እንደሚባል ተዘርዝሯል። እንግሊዝኛ አለ። ፊንላንድኛ አለ። ባስክ አለ። ኤስፔራንቶ አለ! አንድ የዓይን ሐኪም ቁጭ ብሎ የፈጠረው ቋንቋ! "ቡና"ስ? የለም። አማርኛ የለም፣ ሲዳሙ አፎ የለም፣ አፋን ኦሮሞ የለም። ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ ወደ ይርጋለም ንዱ፣ አለታ ወንዶ ድረስ ቀጥሉ፣ ግራ ቀኙ ቡና ነው። ዝርዝሩ ውስጥ ግን እኛ የለንም!

ማሲንተርን አልከስም። እሱ የራሱን ቀልድ ቀለደ። የምከሰው እኛን ነው። 418ን ቲሸርት ላይ አሳትመን እንለብሳለን። የገዛ ቋንቋችን ቀልድ ኮድ ውስጥ ሲገኝ ግን እናፍራለን።

ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ስሠራ፣ ዳታው ከተመዘገበ በኋላ ትክክል መሆኑን የሚያጣራ ፈንክሽን፣ ማለትም የፕሮግራም ቁራጭ አገኘሁ። ከበላዩ ኮመንት፣ ማለትም ኮዱን ለሚያነብ ሰው የሚተው ማስታወሻ ጻፍኩ፦ "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።" አለቃዬ "ፕሮፌሽናል አይደለም፣ አጥፋው" አለኝ። አጠፋሁት። በቦታው ሦስት መስመር እንግሊዝኛ ገባ፣ ማንም አላነበበውም። ውሻዋን ያየ ሁሉ ግን ችግሩ በአንዴ ይገባው ነበር። ያኔ ተናድጄ ነበር፣ ዛሬም አልበረደልኝም።

የሒሳብ ልጆች፣ ሰዓት አጠረኝ እንጂ እናንተንም አልለቃችሁም። ቶፖሎጂስት፣ ማለትም ቅርጽ ሳይቀደድ ሲለጠጥና ሲጣመም የማይለወጠውን የሚያጠና የሒሳብ ሰው፣ የቡና ስኒንና ቦምቦሊኖን መለየት አይችልም ትላላችሁ፣ ሁለቱም አንድ አንድ ቀዳዳ ስላላቸው። የስኒው ቀዳዳ እኮ እጀታው ነው! የኛ ስኒ እጀታ አለው? የለውም። ስለዚህ ዘመዱ አምባሻ ነው። እጀታ በሌለው ስኒ እየጠጣን የሰውን ቀልድ ስንደግም አንዳችንም ልብ አላልንም። ጀበናውን ለእናንተ ትቻለሁ፣ ቀዳዳውን ቁጠሩ።

ስለ ሥራ ፍለጋም እንድናገር ተነግሮኝ ነበር። ፈልጉ።

ቡናው ደርሷል እያሉኝ ነው። ፕሮግራመሮች፣ እንደ ልማዳችሁ አቦልን ከዜሮ ጀምራችሁ ቆጥራችሁ፣ በረካ ላይ "ገና ሁለተኛ ነው" ብላችሁ ቡና አፍይዋን እንዳታስቸግሩ።