ልብህን በመንጃ ፈቃድ አሳይ

ሰናይት፦ ደሬ፣ ዛሬ ፊትህ ልክ አይደለም። የልጅህ ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ መጣ እንዴ?

ደረጀ፦ መጣ። የቨርጂኒያ ነዋሪ መሆናችን አልተረጋገጠም ይላል። ልጄ ከሌላ ስቴት እንደመጣ ተማሪ ልትከፍል ነው። ከእጥፍ በላይ እኮ ነው! ግቢው ከቤታችን ሃያ ደቂቃ አይሞላም።

ሰናይት፦ ከሜሪላንድ የመጣችሁት መቼ ነበር?

ደረጀ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ አሌክሳንድሪያ የገባነው አምና ጁን ላይ ነው። ትምህርት የሚጀመረው ዘንድሮ ኦገስት መጨረሻ። ሕጉ የሚለው ቢያንስ አንድ ዓመት። ቁጠሪያ!

ሰናይት፦ ሞልቷል እኮ። ታዲያ ምን ጎደለ?

ደረጀ፦ ሐሳቤ! አትሳቂ። መኖር ብቻውን አይበቃም። ጠቅልዬ ልኖር አስቤ እንደገባሁ «ግልጽና አሳማኝ» ማስረጃ አምጣ ነው የሚሉት። ሐሳብ በምን ይታያል? በመንጃ ፈቃድ፣ በታርጋ፣ በስቴት ታክስ፣ በኪራይ ውል። እኔ መንጃ ፈቃድ የቀየርኩት ኖቬምበር ላይ ነው። በነሱ ቤት ያሰብኩትም ኖቬምበር ላይ ነው።

ሰናይት፦ ይቅርታ አድርግልኝና እዚህ ላይ ጥፋቱ ያንተም ነው። ቨርጂኒያ ስትገባ መኪናህን በ30 ቀን ታስመዘግባለህ፣ መንጃ ፈቃድህን በ60 ቀን ትቀይራለህ።

ደረጀ፦ የሜሪላንዱ ገና ሦስት ዓመት ይቀረው ነበራ። ማን ይቸኩላል?

ሰናይት፦ የኪራይ ውሉስ?

ደረጀ፦ እሱማ ጭራሽ! መጀመሪያ ያረፍነው የባለቤቴ አክስት ቤት፣ ቤዝመንት ውስጥ ነው። ትልቅ ሰው ናቸው። ውል እንፈራረም ብላቸው ኖሮ እስከ ዛሬ ባኮረፉኝ። መብራቱም ውሃውም በሳቸው ስም። የምሰጣቸው በካሽ፣ ያውም ለምኜ። ስድስት ወር ሙሉ ወረቀት ላይ የለሁም።

ሰናይት፦ የኛ ሰው መቼም መጀመሪያ የሚያርፈው ዘመድ ቤት ነው። አክስት ደብዳቤ ጽፈው ኖተሪ ፊት ይፈርሙልህ። ደግሞ የደመወዝ ወረቀትህን እየው፣ የቨርጂኒያ ታክስ መቆረጥ የጀመረው መቼ ነው?

ደረጀ፦ ከጁላይ። ይሄንኑ ልነግራቸው ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ሠራተኛ ተማሪዋ ካልፈቀደች ላነጋግርዎት አልችልም አለችኝ።

ሰናይት፦ ፈርፓ ነዋ። ከ1974 ጀምሮ ያለ የፌዴራል ሕግ ነው። ዩኒቨርሲቲ የገባ ልጅ መዝገቡ የራሱ ነው፣ የወላጅ አይደለም።

ደረጀ፦ የሚመረመረው ግን የኔ ታክስ! ከ24 ዓመት በታች ስለሆነች ነዋሪነቷ በወላጅ ነው የሚታየው ይላሉ። ነዋሪነቷ በኔ፣ ስልኩ በሷ። እንዴት ነው ነገሩ? ዲሲ ያለው ወንድሜ ደግሞ ይስቅብኛል።

ሰናይት፦ ይሳቅ፣ እነሱ ምን አለባቸው። ኮንግረስ በ1999 ባወጣው ሕግ የዲሲ ልጅ ሌላ ስቴት ሄዶ ሲማር ለክፍያው ልዩነት ድጎማ ያገኛል። አንተ ግን ይግባኝህን በቶሎ አስገባ። እዚያው ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ካልተሳካልህ ሰርኪዩት ፍርድ ቤት ድረስ መሄድ ትችላለህ።

ደረጀ፦ ለዚያም መጀመሪያ ፋይሉ ውስጥ ምን እንዳለ ልወቅ ብዬ የፈቃድ ፎርሙን ለልጄ ሰጠኋት። ሁለት ሳጥን አለው፤ አንዱ ስለ ክፍያ፣ አንዱ ስለ ውጤት። እንደዚያ ቀስ ብላ ስታነብ አይቻት አላውቅም።

ሰናይት፦ ፈረመች?

ደረጀ፦ የክፍያውን ብቻ።